ከጭራው የተቀነሰ ሁለት ኪሎ

ዘንድሮ አውሮፕላን ስሠራ ሁለተኛዬ ነው። ይህን ስናገር ሰው በአድናቆት ስለሚያየኝ ቶሎ ብዬ እጨምርበታለሁ፦ በወረቀት ላይ ነው። የአምናው አውሮፕላናችን በወረቀት ላይም ቢሆን መብረር አቅቶት ቡድናችን እንዳለ ወደቀ። ሌሎቹ ትምህርት ቀየሩ፤ እኔ ደግሜ ተመዘገብኩ። የመመረቂያውን የቡድን ፕሮጀክት መድገም የሚፈቀደው አንዴ ብቻ ነው። ዘንድሮ ከወደቅኩ ዲግሪ የሚባል ነገር የለም፣ አምስት ዓመት የለፋሁበትን ውሃ በላው ማለት ነው።

ሥራውን የምንሠራው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው የኮምፒውተር ክፍል ነበር። አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ፤ የሚሠሩት ሰባት ናቸው፤ ከሰባቱ አንዱ በሥራ ላይ እያለ እንደ ወፍጮ ያጓራል። መጋረጃው ከአንድ ጎን ስለወለቀ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቀጥታ ስክሪን ላይ ታርፋለች። ያኔ ሁላችንም ወንበራችንን ይዘን ወደ ግድግዳው እንሸሻለን። እኔ አምናም እዚያው ግድግዳ ሥር ስለነበርኩ የቀለሙን ስንጥቅ ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ።

አራት ነን። ስማችንን የሚያስታውስ የለም፤ በክፍላችን ሰው የሚጠራው በያዘው የአካል ክፍል ነው። ክንፉን የያዘው ልጅ ክንፍ ነው፤ ረጅም፣ ተናጋሪ፣ ለአንድ ጥያቄ ሃያ ስላይድ ይዞ የሚመጣ። ሞተሩንና ነዳጁን የያዘው ሞተር ነው፤ ከወፍራም የዕቃ ካታሎግ ጋር ተጣብቆ የተወለደ የሚመስል፣ በነገር ሁሉ የሚምል። ጭራውን የያዘችው ጭራ ናት። ምዝገባዋ ዘግይቶ ከኛ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ቀርታ ነው የመጣችው፣ ስትደርስ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ጭራ ብለን ስንጠራት አንድ ቀን እንኳን አልተቀየመችም። እኔ የአውሮፕላኑን ሆድና የክብደቱን ሠንጠረዥ ነው የያዝኩት። ሆድ ሊሉኝ ሞክረው ነበር፤ አየኋቸው፤ ተዉት። ሚዛን ሆንኩ።

የተሰጠን ሥራ መንገድ ወደማይደርስባቸው ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የምታደርስ ሰው አልባ አውሮፕላን መንደፍ ነው። አሥራ ሁለት ኪሎ መድኃኒት ትይዛለች፤ መድኃኒቱን ጨምሮ ስትነሳ ከስልሳ ኪሎ መብለጥ የለባትም። አማካሪያችን በመጀመሪያው ስብሰባ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነገሩን አስረዳን። ውጤቱ የጋራ ነው። ነገር ግን አንድ ጥፋት ተገኝቶ ባለቤቱ ከታወቀ፣ ቡድኑ ይተርፋል፣ ባለቤቱ ግን በያዘው ክፍል ለብቻው ይታረማል። ይህን ሲናገር እኔን ያየኝ መሰለኝ፤ ምናልባት ሰዓቱን እያየም ይሆናል።

የሚዛን ሥራ የሚያጓጓ ነገር የለውም። ሁሉም የሠራውን ዕቃ ክብደት ያመጣልሃል፣ አንተ ትደምራለህ፣ ድምሩ ይበልጣል፣ ከዚያ ከጓደኞችህ ጋር ትጣላለህ። በዘጠነኛው ሳምንት ደመርኩ። ክንፍ አሥራ ስድስት፣ ሞተር አሥራ ዘጠኝ፣ ጭራ አምስት፣ የኔ ሆድ አሥር፤ ሃምሳ። አማካሪያችን በአራተኛው ሳምንት ባዘዘኝ መሠረት በጠቅላላው ላይ አሥር በመቶ መጠባበቂያ ጨመርኩ፤ ሃምሳ አምስት። መድኃኒቱን ጫንኩበት፤ ስልሳ ሰባት። ሰባት ኪሎ ትርፍ!

በማግስቱ ሰበሰብኳቸው።

«ክንፉ አሥራ ስድስት ነው» አለ ክንፍ፣ ስላይዱን እየከፈተ። «አንዲት ግራም አትነኪብኝም። ከፈለግሽ ከመጀመሪያው ላስረዳሽ።»

«አታስረዳኝ፣ በናትህ» አልኩት።

«የኔን ደግሞ ዓይኔን ግንባር ያርገው» አለ ሞተር። «አሥራ ዘጠኝ ያልኩት ጨምቄ፣ ጨምቄ፣ ጨምቄ ነው። ሞተር እኮ ከካታሎግ ነው የሚመጣው፤ እንደ ሱሪ አታሳጥሪውም።»

ሦስታችንም ወደ ጭራ ዞርን። መዝገቧ ፊቷ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱን ብሎን፣ እያንዳንዱን ማጠፊያ በእርሳስ ጽፋለች። «እኔ አምስት ነው የመጣልኝ» አለች። ከዚያ ሁላችንም ዝም ብለን ስናያት ጊዜ፣ «እስቲ ደግሜ ልየው» አለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እንደ ሁለቱ ጮኻ «አይነካም» ብትል ኖሮ ሌላ ነገር እንፈልግ ነበር። «ደግሜ ልየው» ያለ ሰው ግን እንደሚችል ተቆጠረ። ምክንያትም አላጣንለትም። ከጭራ ላይ ያለ ኪሎ ከመሐል የራቀ ስለሆነ ሚዛኑን አብዝቶ ይጎትታል፤ ይህ እውነት ነው፤ ማንኛውም መጽሐፍ ላይ አለ። እኛም እውነቱን ይዘን የጮኹብንን ትተን ያልተከራከረችው ላይ ተረባረብን።

በሳምንቱ አራት ተኩል አድርጋ መጣች። አሁንም በዛ አልናት። አራት አድርጋ መጣች። ከዚያ ሦስት ተኩል። ከዚያ ሦስት። ግማሽ ኪሎ መቀነስ ማለት ቁጥር መሰረዝ ብቻ አይደለም፤ ቅርጹን መለወጥ፣ ሥዕሉን እንደ አዲስ መሳል፣ አውሮፕላኗ በነፋስ ስትመታ ቀጥ ማለት መቻል አለመቻሏን እንደገና ማስላት ነው። አራት ሳምንት ሙሉ በዚያ እንደ ወፍጮ በሚያጓራው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት።

«መቀነሱስ ይቀነሳል» አለችኝ በሦስተኛው ጊዜ። «ግን ጭራዋ ሲያንስ አፍንጫዋን ቀጥ አርጋ መያዝ ያቅታታል። እዚህ ጋ ተመልከቺው።»

ክንፍ ከወዲያ ማዶ ሆኖ፣ «ትንሽ ብትንቀጠቀጥ ምን ትሆናለች? መድኃኒት እኮ አይፈራም» አለ። ሞተር ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ደክሞኝ ስለነበር የሚያስቅ መስሎኝ። ከዚያ የቀነሰችውን ክብደት ማጽደቂያ ቅጽ ላይ ፈረምኩላት።

አንድ ቀን ሰባት ሲባዛ በሦስትን በካልኩሌተር ስትመታ አየኋት። መታችው፣ ሃያ አንድ አለ፣ አጠፋችውና ደግማ መታችው።

«ምነው፣ የብዜት ሠንጠረዡም ተቀየረ እንዴ?» አልኳት።

«አይ፣ እርግጠኛ ለመሆን ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

ጭራው ሦስት ኪሎ ከሆነም በኋላ ድምሩ ከስልሳ በታች አልወረደልንም። ስለዚህ መድኃኒቱን ከአሥራ ሁለት ወደ ሰባት አወረድነው። አማካሪያችን ፊቱን ቢያጠቁርም፣ «ምክንያቱን ማስረዳት ከቻላችሁ» ብሎ ተወን። አውሮፕላኗ ከመድኃኒት ይልቅ ራሷን ተሸክማ የምትዞር ሆነች። ሪፖርቱ ታትሞ፣ በአራት ቅጂ ተጠርዞ ገባ። ሁላችንም እንደ ታመመ ሰው ገርጥተን ነበር።

ስለ እትዬ መናገር አለብኝ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ የምኖረው ከሷ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ነው። ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ትተኩሳለች። ከሥራ ስትመለስ እጇ እንደ ተቀቀለ ነገር ነጭ ሆኖ ነው የምትመጣው። የነርስ ረዳትነት ኮርስ ለመማር ያመለከተችው እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ነበር። «ሁለታችንም ተማሪ ከሆንን ቤቱን ማን ሊይዘው ነው? አንቺ ጨርሺ፣ ከዚያ ተራው የኔ ነው» ብላ ተወችው። አምና ስወድቅ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራችንን ለፈታኞች የምናቀርበው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ፣ ድንገት ቢጠይቁን ብዬ የእያንዳንዳችንን ዝርዝር ወደ አንድ ፋይል እሰበስብ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ከልጆቹ የምቀበለው ድምራቸውን ብቻ ነው፤ ዝርዝራቸውን ከፍቼ አላየሁም። ማን ያያል? የራሴ መቼ አነሰኝ!

የክንፍን ከፈትኩ። ሠላሳ ስምንት መስመር ነው። የመጨረሻው መስመር ላይ «ለክፉ ቀን» ይላል፤ ሁለት ኪሎ።

የሞተርን ከፈትኩ። ማሰሪያ፣ ቱቦ፣ ነዳጅ፣ ታች ሲደርስ «ልዩ ልዩ»፣ ሦስት ኪሎ። ልዩ ልዩው ምን እንደሆነ አልተጻፈም። ጨምቄ፣ ጨምቄ፣ ጨምቄ ያለኝ ልጅ!

ተናድጄ የራሴን ከፈትኩ። «መጠባበቂያ፣ አንድ ኪሎ ተኩል።» የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ያኔ ትዝ አለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ክንፍና ሞተር ቁጥር እንዴት እንስጥሽ ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ለክፉ ቀን ትንሽ ጨምሩበት፤ በኋላ እየመጣችሁ እንዳታለቅሱብኝ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። አምና ሁሉም አሳንሶ ሰጥቶኝ ነበር የተቃጠልኩት፤ ዘንድሮ ብልጥ መሆኔ ነው። በአራተኛው ሳምንት አማካሪያችን በጠቅላላው ላይ አሥር በመቶ ጨምሪ ሲለኝ ደግሞ እሺ ብዬ ጨመርኩ። የፊተኛውን አንሱ ብዬ ግን አልነገርኳቸውም። ረሳሁት። በአንድ አውሮፕላን ላይ ሁለት ጊዜ ለክፉ ቀን ቆጠብን፣ ክፉውን ቀንም በገዛ እጃችን አመጣነው።

በመጨረሻ የጭራን ዝርዝር ከፈትኩ። አርባ ሦስት መስመር። ብሎን በቁጥር፣ ማጣበቂያ በግራም። መጠባበቂያ የሚል የለም፣ ልዩ ልዩ የሚል የለም። ጨምሩ ባልኩ ጊዜ እሷ ገና አልተመዘገበችም፤ በኋላም ማንም አልነገራትም። ካራታችን እውነተኛ ቁጥር ያመጣችው እሷ ብቻ ነበረች።

የተደበቀውን ሁሉ አውጥቼ እንደገና ደመርኩ። ክንፍ አሥራ አራት፣ ሞተር አሥራ ስድስት፣ ጭራ አምስት፣ ሆድ ስምንት ተኩል። አሥር በመቶውን ጨመርኩ፣ አሥራ ሁለቱን ኪሎ መድኃኒት እንዳለ ጫንኩ። ሃምሳ ዘጠኝ ከሰማንያ አምስት። ከስልሳ በታች ነው። አንዲት ነገር መቁረጥ አያስፈልገንም ነበር።

ፋይሉን ዘጋሁት።

ወደ ቤት ስሄድ ያሰብኩትን መደበቅ አልፈልግም። ሪፖርቱ ገብቷል፤ ከእንግዲህ ብናገር ባልናገር የሚለወጥ ቁጥር የለም። ፈታኞቹ ላያዩት ይችላሉ። ቢያዩትም ጭራው ነው የሚታያቸው፤ የጭራው ባለቤት ደግሞ የመጀመሪያዋ ነው፤ ቢከፋ ቢከፋ አንድ ዓመት ትደግማለች። እኔ ግን መድገሚያ የለኝም። ይህንን አንድ በአንድ፣ ልክ እንደ ክብደት ዝርዝር፣ ደርድሬ አሰብኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ቤት ስደርስ እትዬ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ፤ የኮርሱ ማመልከቻ ነው። ከሥራ ቦታዋ አምጥታ እስከ ግማሽ ሞልታዋለች።

«ነገ ታበሩታላችሁ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ በወረቀት ነው እኮ። ስንቴ ልንገርሽ?»

«በወረቀትም ቢሆን ይብረር ነው የምልሽ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ማመልከቻውን ወደኔ ገፋ አደረገችው። «ይቺን ቦታ እስቲ እይልኝ። ‹የቤተሰብ ኃላፊ› ያለው እኔን ነው ወይስ ሌላ ሰው?»

«አንቺን ነው» አልኳት። ስሟን በዝግታ ጻፈች፤ ፊደሏን እንዳታበላሽ ምላሷን ነክሳ። አንጀቴን በላችው።

ሐሙስ ጠዋት አራታችንም የተተኮሰ ልብስ ለብሰን ረጅሙ ጠረጴዛ ያለበት አዳራሽ ገባን። አማካሪያችን በአንድ ወገን፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከውጭ የተጋበዙት ፈታኝ ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት አውሮፕላን ሲጠግኑ የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል፣ ጣታቸው እስካሁን የዘይት ጥቁረት አለበት። ክንፍ ተናገረ። ሞተር ተናገረ። እኔ ሠንጠረዤን አሳየሁ፤ ድምፄ ደህና ነበር። ጭራ አቀረበች፤ ከወረቀቷ ቀና ሳትል አነበበችና ተቀመጠች።

አዛውንቱ ሪፖርቱን ወደ ኋላ ገልጠው፣ ወደ ፊት ገልጠው፣ ሥዕሉ ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

«ይህች ጭራ አንሳለች» አሉ። «በጣም አንሳለች። ከጎን ነፋስ ሲመታት ሰክራ ነው የምትሄደው። ማን ነው እንዲህ ያሳነሳት?»

ክንፍ ጣሪያውን ያያል። ሞተር የካታሎጉን ጠርዝ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። እኔ የፕሮጀክተሩን ሽቦ ነበር የማየው።

አማካሪያችን መነጽሩን አወለቀ። «ደንቡን ታውቃላችሁ። የቡድኑ ውሳኔ ከሆነ ምክንያቱን እንስማ። የአንድ ሰው ስህተት ከሆነም ይነገረን።»

ጭራ ተነሳች። ማንም ሳያስነሳት ነው የተነሳችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «መጀመሪያ አምስት ኪሎ ብዬ ነበር። በዛ ተባለ። የተሳሳትኩ መሆኑ ገብቶኝ ቀነስኩት። ከዚያም ደጋግሜ ቀነስኩት።»

«ምኑ ላይ ነበር የተሳሳትሽው፣ ልጄ?» አሉ አዛውንቱ።

«አላገኘሁትም» አለች። «አራት ጊዜ ፈለግሁት። ስህተቴን ላገኘው አልቻልኩም።»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁና እስክሪብቶአቸውን አነሱ። ወረቀቱ ላይ የማረሚያ ሣጥኖች አሉ፤ ለክንፍ፣ ለሞተር፣ ለጭራ፣ ለክብደት። እጃቸው ወደ ሦስተኛው ሣጥን ሲሄድ አየሁት። ዝም ብል በቃ ነበር። ምንም መዋሸት አያስፈልገኝም፤ የተቀመጥኩበት መቀመጥ ብቻ። ጭራ ግን ገና እንደቆመች ናት። የተቀጣ ተማሪ ይመስል ሁለት እጇን ከፊቷ አጣምራለች።

«አልተሳሳተችም» አልኩ።

የሁሉም አንገት ወደኔ ዞረ። ከተናገርኩ በኋላ መመለሻ ስላልነበረኝ ፋይሉን ከፍቼ ግድግዳው ላይ አበራሁት። ለክፉ ቀን። ልዩ ልዩ። መጠባበቂያ። ከዚያ አሥር በመቶው። ከዚያ የጭራ አርባ ሦስት መስመር። ብዙ አልተናገርኩም፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

ክንፍ መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያ፣ «ቆይ፣ ጨምሩበት ያልሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንሱት ብለሽናል?»

«አላልኳችሁም።»

አማካሪያችን ለረጅም ጊዜ ግድግዳውን አየ። «ሠንጠረዡ የማን ኃላፊነት ነው?» አለ፤ እያወቀ፣ መጠየቅ ስላለበት።

«የኔ ነው ዶክተር።»

«ሁለተኛሽ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ሁለተኛዬ ነው።»

ውጡ ተባልን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እኔ ብቻዬን ተጠራሁ። አዛውንቱ ቀና ብለው አላዩኝም። አማካሪያችን ነው የነገረኝ፦ ሦስቱ አስተካክለው እንዲያስገቡ ታዘው አልፈዋል፤ የክብደቱ ክፍል ወድቋል። «አቤቱታ ጻፊ፤ እኔም የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ» አለኝ። «ግን አልዋሽሽም። እስከ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ የተፈቀደለት ሰው አላየሁም።» አመሰገንኩት። ለምን እንዳመሰገንኩት አላውቅም። መጀመሪያ ሐሳቤ ላይ የመጣችው እትዬ ናት፤ ምላሷን ነክሳ ስትጽፍ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ክንፍና ሞተር ሄደዋል። ጭራ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ምስጋና ጠብቄ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«ትናንት።»

«ስንት ሰዓት?»

«ወደ ዘጠኝ ሰዓት።»

ሰዓቱን በጣቶቿ ቆጠረች። «ዛሬ ጠዋት በር ላይ ኮሌታዬን አስተካከልሽልኝ» አለች። «‹አይዞሽ› አልሽኝ። ያኔ ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«አውቅ ነበር።»

«ተነስቼ እኔ ነኝ ስልም ታውቂ ነበር።»

«አዎ» አልኳት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አራት ጊዜ ቆጠርኩት እኮ» አለች። «አራቱንም ጊዜ አምስት ነው የመጣልኝ። ከዚያ ለእናቴ ደውዬ፣ ያለቦታዬ ነው የገባሁት አልኳት። መደመር የማልችል ሰው አውሮፕላን ምን አገባኝ አልኳት። አልቅሳ አስለቀሰችኝ። የመልቀቂያ ቅጽ ሁሉ ወስጃለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው።»

«ልክ ነበርሽ» አልኳት።

«አንቺ ስለነገርሽኝ?»

ከቦርሳዋ እርሳስና አንድ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱን ገልብጣ ባዶውን ወገን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ በሌላው ወገን «የመልቀቂያ ቅጽ» የሚለው ርዕስ ይታያል። ዝርዝሩን ከራሷ አውጥታ ትጽፍ ጀመር። ብሎኖቹን። ማጠፊያዎቹን። ሁለቱን ትናንሽ ክንፎች። ማጣበቂያውን በግራም። አንዳንዴ ቆም ብላ ታስባለች፤ ከዚያ ትቀጥላለች። ሰዎች በአጠገባችን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ አንድ የጽዳት ሠራተኛ እግራችሁን አንሱ ብላን ከእግራችን ሥር ጠርጋ አለፈች። ጭራ አላየቻትም። አርባ ሦስቱንም ጻፈችና ከላይ ወደ ታች፣ ያለ ካልኩሌተር፣ በከንፈሯ እየቆጠረች ደመረች።

«አምስት» አለች። ለኔ አልነበረም የነገረችው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «ከእንግዲህ አልቆጥረውም።»

እንባዋ ያን ጊዜ ነው የወረደው፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ትንሽ ቆይታ ወደኔ ዞረች።

«አንቺስ? አለፍሽ?»

«አላለፍኩም።»

አየችኝ። ከዚያ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ላዝንልሽ ይገባኝ ነበር» አለች። «ግን ደክሞኛል።»

«ገባኝ» አልኳት። እውነትም ገብቶኝ ነበር።